ጀርም የሌለው በሽታ፤ የባዶ እግርና የቀይ አፈር ነገር

በሽታ ሲነሣ ዛሬ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው በዓይን የማትታየውን ጀርም ነው። ወባ ቢሉት በትንኝ የምትተላለፈውን ተውሳክ፤ ሳንባ ነቀርሳ ቢሉት ባክቴሪያውን፤ ኩፍኝ ቢሉት ቫይረሱን ይጠራል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ታመመ በተባለ ጊዜ «ከማን ተጋባበት?» ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ጥያቄ ሆኗል። ጥያቄው በብዙ በሽታ ላይ ትክክል ነው። በአንድ በሽታ ላይ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተት ብቻም ሳይሆን በደል ነው።

ይህ በሽታ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የሚኖረውን የገበሬ እግር እያሳበጠ ከእርሻው፤ ከገበያውና ከማኅበሩ የሚያስቀረው ሕመም ነው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ከግሪክ ቋንቋ ወደ እኛ ሲመለስ «የእግር አቧራ» እንደ ማለት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ትንኝ አታመጣውም፤ ጀርም አይወልደውም። የሚመጣው ከምንረግጠው አፈር ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደ ታወቀ፤ ከታወቀም በኋላ እኛን ምን እንደሚያስገድደን ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ቀርቧል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ዓባይ የከፈለው ምድር

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መካነ ሰላም ይገባል። ከተማዋ በቦረና አገር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። ከእርሷ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ደጋውን ለቆ ወይና ደጋውን፤ ከዚያም ቆላውን እያቋረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ በወጣ ጊዜ የሚያገኘው ምሥራቅ ጎጃምን ነው።

ሁለቱ አገሮች በወንዝ ቢለያዩም በምድር አንድ ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ እየገነፈለ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ በሰፊው ፈስሶ ረጋና የኢትዮጵያን ከፍተኛ አምባ ሠራ። ዓባይ ያንን አምባ ሰንጥቆ በሁለት የከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በቦረናና በወግዲ፤ በሳይንትና በከለላ የሚታረሰው አፈርና ማዶ በጎጃም የሚታረሰው አፈር የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ በዘመናት ብዛት በፀሐይና በዝናብ ሲበሰብስ አንዱ ቦታ ዋልካ፤ ሌላው ቦታ ቀይ አፈር ይሆናል። ገበሬው ይህን አፈር የሚወደው እህል ስለሚያበቅልለት ነው። ተመራማሪዎች ግን በሌላ ምክንያት ተመልክተውታል።

ከዚህ በታች የሚነገረው ምርመራ የተደረገው በአመዛኙ በወላይታና በጎጃም ነው። ሆኖም በምዕራቡ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚኖር ወይም በዚያ ለሥራ ለሚመደብ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የአምባው ድንጋይ አንድ ነው፤ የገበሬውም እግር በሁለቱም ማዶ አፈሩን እየረገጠ የኖረ ነው።

ሕመሙና ወሬው

ሕመሙ ድንገት አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በወጣትነት መጀመሪያ ላይ ነው። አስቀድሞ የእግር ጀርባ ያሳክካል፤ ውስጥ እግር ያቃጥላል። ማታ ማታ እግሩ አበጥ ይላል፤ ሌሊት አርፎ ሲያድር ይጎድላል። እያደር ግን አልጎድልም ይላል። ቆዳው ይደድራል፤ ይሻክራል፤ ጣቶቹ ይደነድናሉ፤ እብጠቱም ከታች ወደ ላይ እየወጣ እስከ ጉልበት ይደርሳል። በዚህ ላይ በየጊዜው የሚነሣ ትኩሳትና ብርቱ የእግር ሕመም አለ። ይህ በተነሣ ጊዜ ሰውዬው ለቀናት ከመኝታው አይነሣም፤ በሬው ሳይጠመድ፤ አረሙ ሳይነቀል ይቀራል።

ሕዝቡ ለዚህ ሕመም ምክንያት ሲፈልግለት ኖሯል። አንዱ የፈጣሪ ቁጣ ነው ይላል፤ ሌላው ድግምት ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የሞተ እንስሳ አጥንት ረግጦ ነው ይላል። ልብ ብለን ብንመለከተው ከእነዚህ ወሬዎች በአብዛኛዎቹ ውስጥ «ረግጦ» የምትል ቃል አለች። ሕዝቡ ጉዳቱ በእግር በኩል እንደሚገባ ጠርጥሯል። የሳተው የተረገጠውን ነገር ማንነት ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት ግን ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ከታመመው ሰው ጋር አብሮ መብላት የሚፈራ ጎረቤት ተፈጥሯል። ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው እግሩ ያበጠ እንደሆነ ጤነኛዋ እኅት ሳትታጭ ትቀራለች። ልጁ በትምህርት ቤት ይሰደባል፤ በመጨረሻም ደብተሩን ይጥላል። ሕመምተኛውም እግሩን በጋቢ ሸፍኖ ከሰው ይሸሻል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል ለማንም ይልቅ ለዚህ ሰው ይሠራል፤ እርሱ ግን የደበቀው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ነው።

ገበያ የወጡት ሐኪሞች

በቆላ አገር ዝሆኔን የሚያመጣ ቀጭን ትል አለ። ትንኝ ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። የሕክምና መጻሕፍትም ዝሆኔ ሲሉ ለብዙ ዘመን የሚያስቡት ይህንኑ ትል ነበር። ነገር ግን የደጋው ሕመምተኛ ደም ሲመረመር ትሉ ታጣ። እብጠቱም የሚጀምረው እንደ ቆላው ሕመም ከላይ ሳይሆን ከእግር ጣት አካባቢ ነው። ይህ ለሐኪሞች እንቆቅልሽ ሆነባቸው።

እንቆቅልሹን ለመፍታት የተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ በጣም ቀላል ነበር። ኡመን የተባሉ ሐኪም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ገበያዎች እየተዘዋወሩ የሰዎችን እግር ተመለከቱ፤ ያበጠውንም ቆጠሩ። በአገራችን ገበያ የማይወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያም ጊዜ አብዛኛው ሰው ጫማ አልነበረውም። ገበያው ራሱ የምርመራ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ውጤቱ በ1969 በታተመ ጊዜ ሕመሙ ከምድሩ ከፍታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታየ።

ከእርሳቸው በኋላ ነገሩን የገፉበት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ዶክተር ፕራይስ በሥጋ ደዌ ሕክምና ሥራ ላይ የቆዩ ስለ ነበሩ የታመመ እግር ማየት ልማዳቸው ነበር። የዝሆኔውን ካርታ በአንድ እጅ፤ የአፈሩንና የድንጋዩን ካርታ በሌላ እጅ ይዘው ቢያስተያዩ ሁለቱ ተገጣጠሙ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር፤ ከፍተኛ ቦታና ብዙ ዝናብ ባሉበት ስፍራ በሽታው አለ፤ እነዚህ በሌሉበት የለም።

ካርታ መግጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በ1970ዎቹ ዶክተር ፕራይስና ባልደረቦቻቸው ከሕመምተኞች ብሽሽት የተወሰደውን ንፍፊት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመሩ። በውስጡም ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶች ተገኙ። እነዚህ ነገሮች በሰው ሰውነት ውስጥ የበቀሉ አይደሉም፤ ከአፈር የመጡ ናቸው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባለውን ቀጭን ፈሳሽ ከሥጋ መካከል እየሰበሰቡ ወደ ደም የሚመልሱ ረቂቅ ቧንቧዎች አሉ። ባዶ እግር አፈር ሲረግጥ የደቀቀው ቅንጣት በቆዳው በኩል ይገባል። የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ሕዋሳት ይውጡታል፤ ማዕድን ስለ ሆነ ግን ሊያሟሙት አይችሉም። ከዚህ የተነሣ ቧንቧው ይቆጣል፤ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ጠባሳ ሆኖ ይደፈናል። የቤት ጣራ አሸንዳ በደለል ሲደፈን ውኃው ወደ ግድግዳ እንደሚመለስ ሁሉ ፈሳሹም መሄጃ አጥቶ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። የድንጋይ አቧራ የሚስቡ የማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባቸው የሚታመመው ይህን በሚመስል መንገድ ነው። ዶክተር ፕራይስ ስሙን ያወጡለት ከዚያ የሳንባ ሕመም ስም ጋር አመሳስለው ነው። የዕድሜ ልክ ሥራቸውንም በ1990 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ስለ ምን አንዱ ታመመ፤ አንዱ ዳነ?

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ያንኑ አፈር በባዶ እግር ሲረግጡ ኖረዋል። ታዲያ ሁሉ ያልታመመው ስለ ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በወላይታ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የሕመምተኞችን ቤተ ሰብ እየቆጠሩ በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በሽታው የሚያገኘው ከሌላው ሰው በአምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳዩ። በሰዎች መካከል ከሚታየው የመታመምና ያለመታመም ልዩነት ውስጥ 63 ከመቶው በዘር ምክንያት እንደሆነም ገመቱ። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። ከሕመምተኛ ልጆች 63 ከመቶው ይታመማሉ ማለት አይደለም። ያንኑ አፈር እኩል ከረገጡት መካከል አንዱ ከሌላው ስለ ምን ተለየ ለሚለው ጥያቄ ከመልሱ ትልቁ ክፍል በዘር ላይ ነው ማለት ነው።

በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ከዚህ የጠለቀ ሥራ አወጡ። ከወላይታ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ወስደው የዘር መለያቸውን በብዙ መቶ ሺህ ነጥቦች ላይ አስተያዩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሰውነት የራሱን ከባዕድ ለይቶ በሚያውቅበት የዘር ክፍል ላይ ነው። ከዚህ የምንረዳው የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ወደ እግሩ የገባውን ማዕድን እንደ ጠላት አድርጎ ከሌላው ይልቅ በብርቱ እንደሚዋጋ ነው። የሚያሳብጠው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ ከአፈሩ ጋር የሚደረገው ጦርነት ጭምር ነው።

ይህ ዕውቀት በጥንቃቄ መነገር ያለበት ነው። «በዘር ይተላለፋል» የምትለው ቃል ብቻዋን ወደ መንደር ከወረደች የዱሮው «እርግማን ነው» በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። እውነቱ ሲነገር በሙሉ መነገር አለበት። ዘሩ ያለ አፈሩ አያሳምምም፤ አፈሩም ያለ ባዶ እግር አይገባም። ሁለቱ የሚገናኙት በእግር ቆዳ ላይ ነው። በመካከላቸው ጫማ ከገባ አይገናኙም። ከሕመምተኛ ቤት የተወለደች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ ከተጫማች የሚያስፈራት ምንም ነገር የለም። የሚያጫትም ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ስለ አባቷ እግር አይደለም።

በዓለም ላይ የታየውም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሊቃውንት እንደሚጽፉት ይህ ሕመም በቀድሞ ዘመን በሰሜን አፍሪካ፤ በፈረንሳይ፤ በአየርላንድና በስኮትላንድም ነበረ። ዛሬ በእነዚያ አገሮች የለም። የእነዚያ አገሮች ሰዎች ዘራቸው አልተለወጠም፤ አፈራቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው ጫማ መጫማታቸው ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የበሽታው ስፋት ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ይነገር ነበር። በ2011 በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 51,017 ሰዎች በቆጠራ ሲታዩ 3.3 ከመቶው በሕመሙ ተይዘው ተገኙ። ከሠላሳ ሰው አንዱ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ2013 ምርመራው በመላ ኢትዮጵያ ተደረገ። ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው በ1,315 መንደሮች 129,959 ሰዎች የተመረመሩበትን ጥናት አወጡ። የቆላው ትል ከደጋው ሕመም ጋር እንዳይቀላቀል እግሩ ያበጠው ሰው ደም ጭምር ታየ። ከተመረመሩት ውስጥ 4 ከመቶ ያህሉ ሕመምተኞች ነበሩ። ከዚህ በመነሣት በአገሪቱ ውስጥ የነበረው የሕመምተኛ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ተገመተ፤ ለበሽታው በሚመች ምድር ላይ የሚኖረውም ሕዝብ 35 ሚሊዮን ያህል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ይህን ሕመም ትኩረት ከሚሹት ሐሩራማ በሽታዎች ጋር ቆጥሮታል። ስሙ ሐሩራማ ይባል እንጂ የእኛው በሽታ ብርዱንና ጭጋጉን የለመደ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በሽታው ገዳይ ባለመሆኑ ብዙ ጊዜ በዝምታ ታልፏል። ሆኖም በ2006 በወላይታ የታተመ ጥናት ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አሳይቷል። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባለው በዚያ ዞን ጉዳቱ በገንዘብ ሲተመን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያህል ሀብት በየዓመቱ የሚወስደው ባዶ እግር ነው።

በዕጣ የተለየው ሕክምና

የታመመው እግርስ ይድናል ወይ? ሙሉ በሙሉ የጠፋው ቧንቧ አይመለስም። ነገር ግን እግሩ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ቢታጠብ፤ ጥቂት ጠብታ በረኪና በገባበት ውኃ ቢነከር፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ቢቀባ፤ እብጠቱ በፋሻ ቢጠቀለል፤ እግሩ ከፍ ብሎ ቢያርፍና ቢንቀሳቀስ፤ በመጨረሻም በካልሲና በጫማ ቢሸፈን ሕመምተኛው እንደሚሻለው ከወላይታው የብዙ ዓመት ሥራ ታውቆ ነበር። በዚያ አገር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የበጎ አድራጎት ሥራ ሕመምተኞችን እያከመ፤ ለሰፋ እግር የሚሆን ጫማ እያሰፋ፤ ከሕመምተኞቹም መካከል ጫማ ሰፊዎችን እያሠለጠነ ብዙ ሰው ረድቷል።

ይሁን እንጂ «ተሻለው» ማለትና «ለመሻሉ ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ ማስረዳት ይለያያሉ። ሰው ክረምቱ ሲያልፍም ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ አንድ ትልቅ ምርመራ ተደረገ። 696 ሕመምተኞች ተመዘገቡና በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የመሬት ክፍፍል በዕጣ ሲሆን አድልዎ እንደማይገባበት የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በሕክምና ምርመራም ዕጣ የሚወጣው ለዚሁ ነው። ሐኪሙ የቀለለ ሕመም ያለባቸውን መርጦ ወደ አንድ ወገን እንዳያደርግ ዕጣው ይከለክለዋል። 350ዎቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ። 346ቱ አንድ ዓመት ቆዩ፤ ከዓመቱ በኋላ እነርሱም ያንኑ ሕክምና አገኙ። ማንም ሰው ለምርመራ ሲባል ባዶ እጁን አልተሸኘም።

በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል። ያልታከሙት ወገን በዓመት ውስጥ በአማካይ ለአንድ ሰው 23.9 ጊዜ ያ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ተነሥቶባቸዋል። የታከሙት 19.4 ጊዜ ብቻ ተነሥቶባቸዋል። ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው «ይህ ትንሽ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ለቀናት የሚተኛ ገበሬ በዓመት አራት ተኩል ጊዜ ያህል ተረፈለት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱ በዘር ወቅት፤ አንዱም በአጨዳ ወቅት ሊውል የሚችል ነበር። ይህንንም ያስገኘው ውድ መድኃኒት ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና አይደለም፤ ሳፋ፤ ሳሙና፤ ፋሻና ጫማ ነው።

የተማረው ሰው ድርሻ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የተመራማሪው ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ ነው። ምርመራው የደረሰበትን ነገር ከላቦራቶሪ ወደ ጎጆ የሚያደርሰው ሐኪም ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ ራሳችንን እንጠይቅ። በ2010 በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች መካከል የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ የሚበልጡት ይህ በሽታ የሚጋባ ይመስላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች የሕክምና ትምህርት የተማሩ ናቸው። «ከማን ተጋባበት?» የሚለው የተማረ ሰው ጥያቄ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያደርሳል። ጎረቤቱ ቢሸሸው ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የጤና ጣቢያው ሰው ቢሸሸው ግን ወዴት ይሄዳል?

ሁለተኛው ነገር ስለ ጫማ ነው። ጫማ ማደል በራሱ አይበቃም። ብዙ ገበሬ ጫማ እያለው ለቤተ ክርስቲያን፤ ለመስጊድና ለገበያ ያደርገዋል፤ በማሳው ላይ ግን ጭቃው ስለሚይዝበት ያወልቀዋል። አፈሩ በብዛት የሚገኘው ግን በማሳው ላይ ነው። ደግሞም ነጠላ ጫማና ክፍት ሳንዳል እግርን ከድንጋይና ከእሾህ ቢያድኑ ከአቧራና ከጭቃ አያድኑም። የሚያስፈልገው ሽፍን ጫማ ነው። እግር በየማታው መታጠብ ያለበትም ስለዚህ ነው፤ ቀን የገባው አቧራ ሌሊቱን ከቆዳ ጋር እንዳያድር። ለሰፋውና ለተበላሸው እግር ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ ጫማ አይሆነውም፤ በልኩ የሚሰፋለት ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ነገር ውኃ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሆነበት ቀበሌ «እግርህን በየቀኑ ታጠብ» ብሎ መምከር ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ ምንጭ የሚያጎለብተው የውኃ ሠራተኛ፤ ሳያውቀው የዚህ በሽታ ሐኪም ነው። የልጆችን እግር የሚመለከተው መምህርም እንዲሁ ነው። በየቤቱ የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፤ ማታ እግሩ አበጥ የሚለውን ወጣት ነገሩ ገና በሚመለስበት ጊዜ ልታገኘው ትችላለች። ሕመሙ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ጫማና መታጠብ ብዙ ያደርጋሉ፤ ሲቆይ ግን የሚችሉት ማስታገስ ብቻ ነው።

መካነ ሰላም ዛሬ ሆስፒታል ያላትና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኝባት ከተማ ናት። በዚያ የሚማር ወጣት ሊመራመር ቢወድ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ዶክተር ኡመን በ1969 ያሳተሙት ሥራ የተገኘው ገበያ ላይ ቆሞ እግር በማየት ነው። በቦረናና በአጎራባቾቿ በየትኛው ቀበሌ፤ በየትኛው አፈር ላይ፤ ስንት እግር እንዳበጠ በጥንቃቄ የሚቆጥርና ሰውን ሳያሳፍር የሚጠይቅ ተማሪ ለአገሩ የሚጠቅም ሥራ ይሠራል። ከምረቃ በኋላ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው ወጣት ሹም ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ባለጉዳዩ እግሩን በጋቢ ሸፍኖ በር ላይ ቆሞ ቢያየው «ግባ፤ ተቀመጥ» ብሎ እጁን ይጨብጠው። ይህ ወጪ የለውም። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሕዝብም ይህን ሲያይ ከአሥር ስብከት የበለጠ ይማርበታል።

የዚህ ሕመም መንሥኤ ታውቋል፤ መከላከያው ታውቋል፤ ማስታገሻውም ተመርምሮ ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ በሽታ ብዙ አይደለም። የካንሰርና የስኳር በሽታ ተመራማሪዎች ገና የሚደክሙበትን መልስ የእግር አቧራ ተመራማሪዎች ካገኙት ቆይተዋል። ከእንግዲህ አንድ ልጅ በዚህ በሽታ እግሩ ቢያብጥ የሚጎድለው ዕውቀት አይደለም፤ የሚጎድለው ሽፍን ጫማና አንድ ሳፋ ውኃ ነው።